ዝናብ የማያስነሳው ምንጣፍ

ማሴር ፋል ካረፈ ወዲህ አራተኛው የዝናብ ወቅት ሲቃረብ ሚስቱ ንጎኔ ጆፕ ለግቢዋ አዲስ ምንጣፍ ልትገዛ ወሰነች። ለሰው የነገረችው ምክንያት ቀላል ነበር። ከውጭው በር እስከ በረንዳው የሚያደርሰው መሄጃ ሲሚንቶ ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በረንዳው ላይ የነበረው የዘንባባ ሰሌን ደግሞ ባለፈው ዝናብ ሻግቶ፣ ጠርዙ በእጅ ሲነካ እየተበጠሰ ነው። ለማንም ያልነገረችው ምክንያት ግን ቢራን ንጃይ ነበር።

ቢራን የባሏ ጓደኛ ነው። እሱና ማሴር ሁለቱም መሬት ቀያሾች ነበሩ፤ ከዚህ ከንዳር እስከ ወንዙ ላይኛው ጫፍ ድረስ አንዱ በመቀየሻው መነጽር ሲያይ ሌላው የመለኪያ ዘንጉን እየያዘ ጎልማሳነታቸውን በአንድ መኪና ጨርሰዋል። የቢራን ሚስት ከማሴር ቀድማ ሞታለች። ማሴር ከሞተ በኋላም ቢራን መምጣቱን አልተወም። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ከሰገደ በኋላ ይመጣል፣ በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ሻዩን እስከ ሦስተኛው ዙር ጠጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄዳል። የሚኖረው ሶር በሚባለው ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ነው፤ ዝናብ በገባ ቁጥር ውሃው አልጋው እግር ድረስ ይደርሳል። ሩቅ ደቡብ፣ ዚጋንሾር ከተማ የሚኖረው ልጁ ኢባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ና፣ ከእኛ ጋር ኑር ሲለው ቆይቷል። ዘንድሮ ቢራን ለመጀመሪያ ጊዜ ምናልባት አለ። ምናልባት ዝናቡ ሳይገባ እሄዳለሁ አለ።

ንጎኔ እንዲሄድ አልፈለገችም። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ይህን የምትልበት አፍ አልነበራትም። ማሴር በሞተ በዓመቱ የማሴር ታናሽ ወንድም ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቃት፣ ማግባት በቃኝ ብላ መልሳ ነበር። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር፤ ሰፈሩም ሰምቶ አከበራት። የተከበረ ቃል ደግሞ እንደ ጠበበ ልብስ ነው፤ ሰው ሁሉ አማረብሽ እያለ ማውለቅ ይከብዳል።

በእኛ ዘንድ እንግዳ ሂድ አይባልም። ነገር ግን ምንጣፍ መጠቅለል ከተጀመረ እንግዳ ይነሳል፤ ማንም አያዝንም፣ ማንም አይጠይቅም። የዘንባባ ሰሌን ደግሞ ዝናብ አይወድም። ደመናው በምሥራቅ ሲጠቁር የባሏ እህት ኩዲያ ከክፍሏ «ሰሌኑን አንሱ!» ትላለች፣ ሰሌኑ ሲነሳ ቢራን አብሮ ይነሳል። እንዲህ እየሆነ በዝናቡ ወራት ቢራን ሁለተኛውን ሻይ ሳይጠጣ የሚሄድባቸው ቀናት ይበዛሉ። ንጎኔ ይህን ስታስብ ከረመች። ውጭ የሚያድር፣ ፀሐይም ውሃም የማይፈራ፣ ማንም አንሱት የማይለው ምንጣፍ ቢኖር ብላ አሰበች። የቀረውን ምንጣፉ ይናገርልኛል ብላ ነበር መሰለኝ።

ኩዲያ ፋል የማሴር ታላቅ እህት ናት። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በመሄጃው ጫፍ ባለው ክፍል ትኖራለች። የባል እህት በእኛ አገር ሌላ ባል ናት፤ ንጄኬ ትባላለች፣ የወንድሟንም ሚስት «ሚስቴ» እያለች ነው የምትጠራው። ንጎኔ የምንጣፉን ነገር ስታነሳባት ኩዲያ ዓሣ እየጠረገች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ሚስቴ፣ የምትገዢው ምንጣፍ ነው ወይስ ሰው?»

«ምንጣፍ ነው ንጄኬ። ሲሚንቶው ሲረጥብ እርስዎ እንዳይወድቁ ብዬ ነው።»

«የእኔን እግር ተይው። የእኔ እግር ይህን ሲሚንቶ ማሴር ሳይወለድ ያውቀዋል።» ዓሣውን ገለበጠችው። «ለዚያ ለንጃይ ከሆነ ሰፋ ያለ ግዢ። ሲቀመጥ እንደ ግመል ነው፣ አራት ቦታ ይታጠፋል።»

ንጎኔ ሳቀች። ኩዲያ ከዚያ በላይ አልገፋችም። የምታውቀውን ሁሉ የማትናገር ሴት ናት፤ ይህ ጠባይዋ በኋላ ዋጋ አስከፈለ።

እዚህ ላይ ስለ ጆፕና ስለ ንጃይ አንድ ነገር ማለት ይኖርብኛል። ጆፕ የሚባል ዘርና ንጃይ የሚባል ዘር ሲገናኙ መሰዳደብ ከቅድመ አያቶች የወረደ ሕግ ነው። ንጃይ ጆፕን ሆዳም ይላል፣ ጆፕ ንጃይን የቤታችን አገልጋይ ይላል፣ ማን የማንን ሩዝ እንደጨረሰ በአደባባይ ይከራከራሉ። የተሰደበ ሰው መቆጣት አይችልም። ፖሊስ ሹፌር አስቁሞ የቤተሰብ ስሙን ሲሰማ ሳቅ ብሎ ይለቀዋል። ቢራንና ንጎኔ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ የተነጋገሩት በዚህ ቋንቋ ብቻ ነው። በማሴር የቀብር ቀን እንኳ፣ ሴቶቹ ከበዋት ስታለቅስ፣ ቢራን በሩ ላይ ቆሞ «ጆፕ፣ ዛሬ የእሱንም ድርሻ ሩዝ ልትበዪ ነው?» አላት። የቀልድ ዘመድ ለቅሶ ላይ እንዲህ ማለት አለበት። ንጎኔ በእንባዋ መካከል ሳቀች፣ እና ያን ቀን ያሳለፋት ያ ሳቅ ነው።

ቢራን ሁልጊዜ «ጆፕ» ነበር የሚላት። በስሟ የጠራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሴር ተኝቶበት በነበረው ሆስፒታል መተላለፊያ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለ ከወዲያኛው በር ወጥቶ ወደ እሷ መጣና «ንጎኔ» አላት። የቀረውን ሳይናገር ገባት።

ወደ ገበያ ስትሄድ አብረኸኝ ና ያለችው እሷ ናት። ሸክም ይበዛብኛል አለችው። እሱም የጆፕ አህያ መሆኔ ዛሬ አልተጀመረም ብሎ ተነሳ።

ሶር ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ያሲን የምትባል ወፍራም ሴት ምንጣፍ ትሸጣለች። ጥቅልሎቹን አቁማ ስለምታስደግፋቸው ከሩቅ ሲታዩ ወረፋ የያዙ ሰዎች ይመስላሉ። ንጎኔ ሁለት ጊዜ ብቻዋን መጥታ ዞራ አይታቸዋለች። ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ በዚህች ከተማ ዕቃን የሚገድለው ዝናብ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከባሕሩ የሚመጣው ጨው የበሩን ማጠፊያ ይበላል፣ የበረሃው ነፋስ አሸዋ እየነፋ ቀለም ይፍቃል፣ የቀትሩ ፀሐይ ደግሞ ፕላስቲክን እንደ ደረቅ ቅጠል ያደርገዋል፤ አንድ ቀን ስትረግጪው ተሰብሮ እግርሽ ላይ ይቀራል።

ያሲን መጀመሪያ ያወጣችው ከውጭ አገር የመጣ ቀይ ስጋጃ ነበር። ጸጉሩ ረጅምና ለስላሳ ነው፤ ለውጭም ይሆናል ተብሎ ተጽፎበታል። ንጎኔ ጣቷን ሰደደችበት፣ ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ይህ አንዴ ውሃ ከጠጣ ዝናቡ እስኪያበቃ አይደርቅም፣ ከሥሩም ይሸታል አለች።

ቢራን ጎንበስ ብሎ ዳበሰው። «ይህ ምንጣፍ አይደለም፣ በግ ነው። ለአረፋ እናቆየው። ጆፕ እንኳን ሥጋውን ቆዳውንም አትተውም።»

«ንጃይማ ቀንዱን ነው የሚወደው» አለች ንጎኔ። «ራሱ ላይ ሊተክለው።»

ያሲን የሁለቱን የቤተሰብ ስም ስትሰማ ገባትና በደስታ ተመቻችታ ቆመች። ሌሎች ሁለት ገዢ ሴቶችም ጠጋ አሉ። የጆፕና የንጃይ ስድብ የገበያ ጨዋታ ነው፤ ሰው ሥራ ያቆምለታል።

ቀጥሎ የቃጫ ምንጣፍ ወጣ። ንጎኔ ወደደችው። የደረቀ ሣር ይሸታል፣ ወፍራምም ነው፣ እግር ላይ ደግ ነው። ግን ገልብጣ ስታየው የሥሩ ክር ጥጥ ነበር፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስንት ጊዜ ያድራል? በእጇ ይዛው ትንሽ ቆየችና መለሰችው። ሰው ለውበቱ የሚገዛው ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነው አለች፣ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

በመጨረሻ ያሲን እዚሁ አገር የሚሠሩትን የፕላስቲክ ምንጣፎች ዘረጋች። ከቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች የተሸመኑ ናቸው፤ በየሠርጉ፣ በየስም ማውጣቱ፣ በየለቅሶው የምንቀመጥባቸው። ሰው ሁሉም አንድ ይመስለዋል፣ ግን አይደለም። ንጎኔ ከያሲን የመጠጫ ውሃ ለምና አንዱ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ቆመ። ሌላው ላይ ስታፈስ ግን በሽመናው መካከል ሾልኮ መሬቱን አራሰ፣ ላዩ ወዲያው ደረቀ። ይህኛውን ያዘች። ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልለቀቀም፣ ከላይ የተቀባ ሳይሆን አብሮ የተነከረ ነው። ገልብጣ አየችው፤ ሁለቱም ፊት እኩል ነው፣ አንዱ ፊት ቢጠወልግ ሌላው ይዘረጋል። ጠርዙ በጨርቅ አልተከፈፈም፤ ጨርቅ ቀድሞ ይበሰብሳል። በእሳት ተተኩሶ የተዘጋ ነው። አራቱ ማዕዘን ላይ ነፋስ እንዳያስነሳው ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው።

ቢራን ሰማያዊውን ሊያስመርጣት ሞከረ። ንጎኔ እምቢ አለች፤ ጥቁር ሰማያዊ በቀትር እግር ይጠብሳል፣ ኩዲያ ደግሞ ጫማ ማድረግ አትወድም። የገለባ ቀለም ያለውን፣ ቀጭን አረንጓዴ መስመር በዳሩ የሚዞረውን ያዘች። እሱም ተስማማ። ለመሄጃው ጠባብና ረጅሙን፣ ለበረንዳው ደግሞ ሰፊውን ሊወስዱ ሆነ።

ያሲን ሰፊውን መሬት ላይ እያነጠፈች፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣ «ለባልና ለሚስት ይህ መካከለኛው ይበቃችሁ ነበር» አለች። «ልጆች የሚመጡ ከሆነ ግን ትልቁን ውሰዱ።»

ማረም ያለባት ንጎኔ ነበረች፣ እሷ ሳታርም ግን ቢራን ጫማውን አወለቀ። እስቲ ልሞክረው አለና አዲሱ ምንጣፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እግሩን አጣጠፈ፣ መዳፉን ሽመናው ላይ ወዲህና ወዲያ አስኬደው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ንጎኔ» አለ። «ይህ ምንጣፍ ዝናብ ሲመጣ የማይነሳ ከሆነ፣ እኔም ባልነሳ ምን ትያለሽ?»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ስድብ አልነበረበትም። ማንም ሰው፣ በሌላ ቀንና በሌላ ሰው አፍ ቢሆን፣ ምን እንደተጠየቀ ይገባው ነበር። ንጎኔ ግን ስሟን ነው የሰማችው። ከዚያ ሰው አፍ ስሟን የሰማችው አንዴ ብቻ ነው፣ እና ያን ጊዜ ምን እንደተከተለ ታውቃለች። የሆስፒታሉ መተላለፊያ ሽታ መጣባት። ያሲን እያየቻት ነው፣ ሁለቱ ሴቶች እያዩዋት ነው፤ ከዚያ ስም ለመሸሽ ያላት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ዕድሜዋን ሙሉ የሄደችበት ነው።

«ንጃይ ሩዝ ካለበት ቤት መቼ ተነስቶ ያውቃል?» አለች። «ሁልጊዜም በዱላ ነው የምናስነሳው።»

ገበያው ሳቀ። ያሲን እጇን አጨበጨበች፤ ጆፕ አሸነፈች አለች። ቢራንም ሳቀ፤ ከሚገባው ትንሽ ረዘም አድርጎ ሳቀ። ጫማውን ሲያደርግ አንዱ እግሩ መግቢያውን ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት።

«ልክ ነሽ ጆፕ» አለ።

በፈረስ ጋሪ ተመለሱ። ቢራን ጥቅልሉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይዞት ስለ መንገዱ መቆፈር፣ ስለ ውሃ መፍሰሻው፣ በእነሱ ጊዜ ቢሆን ይህ ቦይ ወዴት ይዞር እንደነበር ይናገር ነበር። ንጎኔ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። ቅድም ምን ልትለኝ ነበር ማለት ነው የቀራት። ባለጋሪው ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል፣ ጀርባው ይሰማል። ቤት ስንደርስ አለች በልቧ። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ኩዲያ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ምንጣፉ ተዘረጋ፣ ገመድ ታሰረ፣ ኩዲያ በባዶ እግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበትና ይህስ እግር ያሳርፋል አለች። ቢራን ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ደክሞኛል አለ።

ምንጣፉ የታሰበውን ሁሉ አደረገ። ቀትር ላይ ቢረገጥ አይፈጅም። የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ውሃው በመካከሉ አልፎ በሲሚንቶው ላይ ወደ ቦዩ ሄደ፤ ደመናው ሳይበተን ላዩ ደርቆ ነበር። ኩዲያ ከልማዷ አንሱ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሰፈሩ መጥቶ አየው፣ ሁለት ጎረቤቶች ከያሲን ዘንድ እሱንኑ ገዙ።

ቢራን በሳምንቱ መጣ። ተቀመጠ፣ ተሳደበ፣ ተሰደበ፣ ሻይ ጠጣ። ከዚያ ኢባ የአውቶቡስ ቲኬት እንደላከለት ተናገረ። ምናልባት የሚለው ቃል በንግግሩ ውስጥ አልነበረም። ክፍሉን ለአከራዩ መልሷል፣ አልጋውን ሰጥቷል። ከጁምዓ ማግስት ይሄዳል።

ንጎኔ መልካም ነው፣ ልጅ አባቱን መጦሩ ደግ ነው አለች። ቃላቱ ሥርዓት ያላቸው ነበሩ። ሲሄድ በር ድረስ ሸኘችውና ተመልሳ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ሲያጥቡ የነበሩት እጆቿ ቆም አሉ፣ ውሃው ግን መውረዱን ቀጠለ። ገበያ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ደግማ ሰማችው። ስሟን፣ ከስሟ በኋላ የመጣውን ጥያቄ፣ የራሷን መልስ። ምናልባት ጨዋታ ነበር አለች። ጨዋታ ከሆነ በስሜ ለምን ጠራኝ አለች። ከዚያ ወሰነች። እሷም በስሙ ትጠራዋለች። ሁለት ቃል ብቻ ናቸው፤ ቢራን፣ አትሂድ። ይህ ለእሷ ከባድ አይደለም። በየክፍሉ ፊት ቆማ ዘመኗን ስትናገር የኖረች ናት።

በጁምዓው ዕለት ኩዲያ ጎረቤት ሠርግ ስላለ ቶሎ አልመጣም ብላ ወጣች። ሠርግ እንዳልነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ንጎኔ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ሻዩን ጣደች። ቢራን ለመሰናበት ቡቡ የሚባለውን ሰፊ ነጭ ቀሚስ ለብሶ መጣ። እሷ ከምንጣፉ በአንደኛው ዳር፣ እሱ በሌላው ዳር ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ዙር ስለ ኢባ ልጆች እያወሩ ጠጡ። በሁለተኛው ዙር ማሴር አንድ ጊዜ ዘንጉን ይዞ ወንዝ ውስጥ የወደቀበትን ቀን ቢራን አነሳ፤ ሳቁ። በሦስተኛው ዙር ምሥራቁ ጠቆረ፣ ነፋሱ የምንጣፉን ጠርዝ ሊያነሳ ታገለና ገመዱ ያዘው። ዝናቡ መጣ። በጣሪያው ጠርዝ እየዘለለ እግራቸውን ይረጫል። አንዳቸውም አልተነሱም።

ንጎኔ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ንጃይ» አለች።

ይህን ልትል አልነበረም። አፏ ነው የለመደውን ያወጣው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። «አትሂድ» አለች። ይህ ቃል ከልቧ ነበር። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ እንኳ ምናልባት ይበቃ ነበር። ግን እሱ ቀና ብሎ ሲያያት ፈራች፣ የፈራችውንም ሸፈነችው። «ከሄድክ ማንን እሰድባለሁ?»

ቢራን ጥቂት አያት። የሆነ ነገር እየጠበቀ ይመስል ነበር። ዝናቡ ድምፁን ጨመረ።

«ዚጋንሾር ውስጥም የሚሰደቡ ጆፖች አላጣም» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግን በስልክ ስደቢኝ። ሂሳቡን ኢባ ይከፍላል፣ እሱም ንጃይ ነው፤ የጆፕ አገልጋይነት ይልመድ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሕጉ ነውና። ሻዩን ጨረሰ። ሻንጣዬን አላሰናዳሁም ብሎ ተነሳ። ጃንጥላ ልስጥህ ስትለው አልፈልግም አለ። ከበረንዳው ሲወርድ ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ የምንጣፉን ዳር ዳሰሰ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ያየ መሰለ።

«ጥሩ መርጠናል» አለ። ከዚያ በመሄጃው ላይ፣ ሳያንሸራትተው፣ እስከ በሩ ሄደ።

ኩዲያ የመጣችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ብርጭቆዎቹ ሁለቱም ባሉበት ነበሩ። ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ጠበቀች። ንጎኔ ምንም እንደማትናገር ስታይ ራሷ ጀመረች።

«እምቢ አልሽው ማለት ነው።»

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለች! ንጃይን ነዋ።» ኩዲያ የራስ መሸፈኛዋን አወለቀች። «ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት እኔ ክፍል መጥቶ ተቀምጦ ነበር። እንደ ልጅ ጣቱን እያፍተለተለ። የማሴር ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ ቅር ይልዎታል ወይ አለኝ። ቅር ቢለኝ ማሴር ራሱ ከመቃብሩ ተነስቶ ይረግመኛል አልኩት። ግን እሷን ራሷን ጠይቃት፣ ደግሞ እንደ ልማድህ አታፊዝ አልኩት። አላፌዝም፣ በስሟ ነው የምጠራት አለኝ።»

ንጎኔ ወደ እሷ ዞረች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የሰው ጥያቄ በሌላ አፍ አይቀደምም፣ ሚስቴ። ከገበያ ሲመለስ ፊቱን አየሁት፤ ሻይ አልጠጣም ሲል መልስሽ ገባኝ። ማግባት በቃኝ ያልሽ ሴት ነሽ። ይህችም ቃሏን የምትጠብቅ ናት ብዬ አከበርኩሽ።» ትንሽ ቆይታ «ተሳስቻለሁ እንዴ?» አለች፣ በሌላ ድምፅ።

ንጎኔ ተነስታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። አልተሳሳቱም አለች። ኩዲያ እንዳላመነቻት ታውቃለች፣ ኩዲያም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በማግስቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መሄድ ይቻል ነበር። ንጎኔ ለብሳ፣ መሸፈኛዋን አስተካክላ፣ እስከ ውጭው በር ደርሳ ነበር። መናኸሪያ በሰው ፊት፣ በሻንጣና በጩኸት መካከል፣ ምን ብላ ትጀምራለች? አውቶቡሱ ይሄዳል የተባለበት ሰዓት እስኪያልፍ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ዝናቡ ያን ዓመት ከባድ ነበር። ሶር ውስጥ ቢራን ይኖርበት የነበረው ክፍል እስከ መስኮቱ ድረስ ሞላ አሉ። ሰዎች እንኳን ሄደ አሉ። ንጎኔም እንኳን ሄደ አለች፣ ሲጠይቋት። ምሽት ላይ ከኩዲያ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትጠርጋለች፣ ሩዝ ትለቅማለች። ቢራን በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ጆፕ፣ ሩዙን ጨረስሽው? ንጃይ፣ የዚያ አገር ሩዝስ ካንተ ተረፈ? ይህ ካለቀ በኋላ የልጅ ልጆቹ ስልኩን ይቀሙታል፣ ወይም መስመሩ ይቋረጣል።

አንድ ቀን ግን እሷ ደወለች። ሕዳር ገብቶ ሰማዩ የጠራበት ጊዜ ነበር። ኩዲያ ከግቢው ሌላ ጫፍ ልብስ ታሰጣለች። ንጎኔ ምን እንደምትል አላዘጋጀችም፤ ያዘጋጀችው እንደማይሆን አይታለችና። ሲያነሳው ከኋላው የልጆች ጩኸትና የራዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጆፕ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የደወልሽው ሊል ጀምሮ ሳይጨርስ አቋረጠችው።

«ቢራን» አለች።

ከወዲያ በኩል አንዱ ልጅ አያቴ አያቴ እያለ ሲጠራው ይሰማታል። የሆነ በር ተዘጋና ጩኸቱ ራቀ።

«አቤት ንጎኔ» አለ።

«ገበያ ውስጥ ጠይቀኸኝ ነበር» አለች። «አልመለስኩልህም።»

ስታዳምጠው ሲተነፍስ ይሰማታል። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ሰውን ላለማስቀየም የሚናገር ሰው ድምፅ።

«ኢባ በግቢው በኩል ክፍል ሠራልኝ» አለ። «የራሴ በር ያለው። ልጆቹ ግድግዳውን ራሳቸው ናቸው የቀቡት፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ትናንት ነው የገባሁት።»

ንጎኔ ስልኩን በሌላው ጆሮዋ አደረገችው። ኩዲያ አንሶላውን ስታራግፍ ውሃው በፀሐይ ላይ ሲበተን ታያለች።

«ደስ ይላል» አለች። «የተባረከ ልጅ ነው። እንኳን ደስ ያለህ።»

«አሜን» አለ ቢራን።

ክፍሉ መስኮት አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። አለው አለ፤ ወደ ማንጎው ዛፍ ያሳያል። በየትኛው በኩል ነፋስ እንደሚገባ ጠየቀችው፣ ነገራት። ከዚያ እዚያ የሚሸጠው ዓሣ የወንዝ ነው የባሕር ብላ ጠየቀች፣ እሱም የሁለቱም ነው፣ ግን የንዳሩን አይተካከልም አለ።